የካፖርቱ የውስጥ ኪስ

ስሜ ደልበርት ክራንዝ ነው። ኦሃዮ ውስጥ፣ በእኛ ወረዳ፣ ሽጉጥ ሸሽጎ የመያዝ ፈቃድ ያለው ሰው ካጋጠማችሁ ወይ እኔ አስተምሬዋለሁ፣ ወይ እኔ ያስተማርኩት ሰው ዘመድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ቆሜ ገበሬውንም፣ ነርሷንም፣ የጭነት መኪና ሹፌሩንም፣ ሦስት ፓስተሮችንም አስተምሬያለሁ። ሕጉ ላልቶ ያለ ፈቃድ መታጠቅ ከተቻለ ወዲህ እንኳ ሰው መምጣቱን አልተወም። ወደ ሌላ ስቴት ሲሻገር ወረቀቱ ያስፈልገዋል። ደግሞ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ሰው ኪሱ ውስጥ ወረቀት ካለው ደስ ይለዋል።

ተማሪዎቼን ሁለት ነገር በቃላቸው አስይዛቸው ነበር። አንደኛው ሽጉጥ ይዞ የማይገባበት ቦታ ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ፖስታ ቤት። እንደ ሕፃን ልጅ በአንድ ድምፅ አስብላቸዋለሁ። ሁለተኛው ደግሞ ሽጉጥ ከገላ አይለይም የሚለው ነው። "ካፖርት ይወለቃል፣ ቦርሳ ይረሳል፣ ሱሪውን ሰው ፊት የሚያወልቅ ግን የለም፤ ስለዚህ ወገባችሁ ላይ!" እላለሁ። ይስቃሉ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚችው ቀልድ ሳቁልኝ።

ከዚያ "ያችን ሴትዮ" አመጣለሁ። ያቺ ሴትዮ ሽጉጧ ያለበትን ቦርሳ ቤተ ክርስቲያን፣ የሕፃናቱ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ረስታ ወጣች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እየሮጠች ተመልሳ አገኘችው፤ ማንም አልነካውም። ትምህርቷን ልታድስ እኔ ጋ መጥታ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ስሟን ሳልጠራ በየወሩ ለሃያ ሰው ተረክሁት። "እንዲህ ያለውን ሰው እንኳን ሽጉጥ መቀስም አላስይዘው" እያልኩ። ከተማችን ያላት የትራፊክ መብራት አንድ ነው፤ ሴትዮዋ ጆሊን ፌትስ መሆኗን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጆሊን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ናት። የትምህርት ቤቱን በር የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ናት። ይህን ያዙልኝ።

የገና በዓል እንዳለፈ የቡአ ኦፕራሲዮን ተደረገልኝ። ቀበቶ ማሰር አልቻልኩም፤ የሽጉጤ ሰገባ ልክ ቁስሌ ላይ ያርፋል። ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው ብዬ ትንሿን ሽጉጤን በአዲሱ ቡናማ ካፖርቴ የውስጥ ኪስ ከተትኳት። አዎ፣ እኔው! አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ ነው።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ፖስታ ቤት ጥቅል ልቀበል ሄድኩ። እኛ ዘንድ ፖስታ ቤት ስንሄድ መኪናችንን ማዶ፣ የእቃ መሸጫው ደጅ ነው የምናቆመው፤ የፖስታ ቤቱ ግቢ ራሱ ክልክል ነውና። ከዚያ ሽጉጣችንን ከወንበር ሥር ባለው የብረት ሳጥን ቆልፈን በእግር እንሻገራለን። ሳጥኑን ከፈትኩ። እጄን ወደ ውስጥ ኪሴ ሰደድኩ። ያገኘሁት የደረቀ መሐረብ ብቻ ነው።

የለበስኩት አሮጌው ካፖርት ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ጎን ለጎን የተሰቀሉ። ታዲያ አዲሱ የት ሄደ? ወዲያው ትናንት ማታ ትዝ አለኝ። እኔ ኳስ እያየሁ ሚስቴ ማርላ ከኋላዬ ቆማ "የካፖርቴ ዚፕ ተበላሽቷል፤ ነገ ያንተን ለብሼ ልሂድ?" አለችኝ። እኔም ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳልነቅል "እሺ" አልኳት። ጆሮዬ ሰምቷል፤ ልቤ ግን አልነበረም።

ማርላ የት ነው የምትሠራው? ትምህርት ቤት! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የትምህርት ቤቱን ምሳ ስታበስል የኖረች ሴት ናት። ገና ሳይነጋ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ለብሳ፣ አራት መቶ ሕፃን ያለበት ሕንፃ ገብታለች፤ እሷ ግን አታውቅም። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ አንዴ ቁልፉን እይዛለሁ፣ አንዴ ስልኩን።

የማብሰያ ቤቱን የግድግዳ ስልክ ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። ደወልኩ። ራሷ አነሳችው፤ ከኋላዋ የድስት ኳኳታ ይሰማል።

"ምን ሆነህ ነው በሥራ ሰዓት?"

"የትኛውን ካፖርት ነው የለበስሽው?"

"መስቀያው ላይ ያገኘሁትን። ምነው?"

እዚህ ላይ ምላሴ ተሳሰረ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ይህን ሕግ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሕጉ ትምህርት ቤት ሽጉጥ ያስገባን ሰው አንድ ነገር ይጠይቀዋል፤ ያስገባኸው እያወቅህ ነው? ሳታውቅ ያስገባች ሴት ወንጀለኛ አይደለችም። አሁን "ኪሱ ውስጥ ሽጉጥ አለ፣ ቀስ ብለሽ ወደ መኪናሽ ውሰጅው" ብላት ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ታውቃለች። ይዛው መተላለፊያውን ስታቋርጥ እያወቀች ነው። ከባድ ወንጀል ነው፤ ሥራዋም ጡረታዋም ይሄዳል፣ እስር ቤትም አለበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ደግሞ ማርላን አውቃታለሁ። ልጃችን የጎረቤት መስኮት የሰበረ ጊዜ "እኔ ነኝ፣ መጥረጊያ አምልጦኝ ነው" ብላ የወጣች ሴት ናት። እኔን ለማዳን ስትል ይዛው ትወጣለች፤ ብትያዝም "የኔ ነው" ትላለች።

"ደል? አለህ?"

"አለሁ። ምንም አይደል። እወድሻለሁ።"

"ኧረ ባክህ! ዛሬ መድኃኒቱን ሁለቴ ዋጥከው እንዴ? ፓስታው እየገነፈለብኝ ነው፣ ቻው!" ብላ ዘጋችው።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። የዚያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ነበር፤ የትምህርት ቤቱን ፖሊስ፣ ዌድን፣ ደውዬ መንገር። ዌድ የእኔው ተማሪ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ግን ብነግረው እስከ ማታ ከተማው ይሰማል። ደልበርት ክራንዝ፣ ያ "ወገባችሁ ላይ!" የሚለው ሰውዬ! አሳፈረኝ። ሕፃናት ባሉበት ቤት ሽጉጥ ተሰቅሎ እኔ የማስበው ስለ ስሜ ነበር። ካፖርቱ የሠራተኞቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ማን ይነካዋል፣ ሄጄ ራሴ በዘዴ አወጣዋለሁ፣ ዝም አይነቅዝም ብዬ መኪናዬን አስነሳሁ። አሥራ ሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። በየጉድጓዱ ቁስሌ ይወጋኛል፣ ከፊቴ አንድ የበቆሎ ጭነት መኪና እንደ ኤሊ ይጎተታል። ጡሩምባዬን ነፋሁበት። ሹፌሩ እጁን አውጥቶ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ለካ ያውቀኛል።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሽጉጥ ተሥሎ ቀይ መስመር የተሠመረበት ተለጣፊ አለ። እሱን በነጻ ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ። የመጥሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ጆሊን ከጠረጴዛዋ ቀና አለች፤ ድምጿም በመጥሪያው ወጣ።

"ደልበርት! ቡአህ እንዴት ሆነ?"

ከኋላዬ ወተት የሚያራግፍ ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ።

"ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጆሊን፣ ማርላ ተሳስታ የኔን ካፖርት ለብሳለች። መድኃኒቴ ኪሱ ውስጥ ነው። ካፖርቱን ብቻ ብታመጪልኝ።"

"ግባና ራስህ ውሰደዋ፤ በሩን ልክፈትልህ?"

"አይ፣ አይ! ጫማዬ ጭቃ ነው። ማንም ኪሱን እንዳይነካ በያቸው ደግሞ፤ መድኃኒቱ... ይፈሳል።"

ሲጀመር ውሸት አላውቅበትም፤ ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቶ እንደነበር አልጠራጠርም። ጆሊን ትንሽ አየችኝና ወደ ማብሰያ ቤቱ ደወለች። ስታወራ፣ አንገቷን ስትነቀንቅ፣ ስትስቅ አያታለሁ። ከዚያ ወደ መጥሪያው ተመለሰች።

"ካፖርቱ የለም። ሚስትህ መቼም ደግ ናት፣ ለብሪንሊ አበድራታለች። ያቺ የሦስተኛ ክፍሏ ልጅ ዛሬም ያለ ካፖርት መጣች፤ በዚህ ብርድ ያለ ካፖርት ደግሞ ለእረፍት ሜዳ አይወጣም። ማርላ ጠቅልላ አለበሰቻት። አሁን ውጭ ናት። ሃያ ደቂቃ ብትታገስ—"

የቀረውን አልሰማሁም። ከበሩ በስተግራ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ የመጫወቻው ሜዳ ይታያል። ስልሳ የሚሆኑ ልጆች ይሯሯጣሉ። ወዲያው አየኋት። ቡናማው ካፖርቴ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርሶ፣ እጅጌውን እየጎተተች፣ መንጠላጠያው ብረት ላይ ወጣች። ከዚያ በጉልበቷ ቆልፋ ራሷን ወደ ታች ለቀቀችው። ካፖርቱ ተገልብጦ ፊቷ ላይ ወረደ። የውስጥ ኪሱ የሚዘጋው በአንዲት ቁልፍ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ እጄ ቶሎ እንዲገባ ብዬ ያችን ቁልፍ ቆርጬ ጥያታለሁ።

ጌታ ሆይ! በሁለት እጄ መስታወቱን ተደገፍኩ።

"ጆሊን፣" አልኩ፣ "መድኃኒት አይደለም።"

"ምኑ?"

"ኪሱ ውስጥ ያለው። ሽጉጥ ነው። ጥይት ጎርሷል። ማርላ አታውቅም፤ የረሳሁት እኔ ነኝ። ዌድን ጥሪው፣ በአምላክ!"

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። እጇ ወደ ቀዩ ቁልፍ ሄደ። ያ ቁልፍ ከተጫኑት ደወሉ ይጮሃል፣ በሮች ሁሉ ይቆለፋሉ፣ ከሦስት ከተማ ፖሊስ ይመጣል። ልጆቹም ደወሉን ሲሰሙ እንዲሮጡ ነው የተማሩት። ያቺ ልጅ ተዘቅዝቃ ደወሉን ብትሰማ በጭንቅላቷ ትወድቃለች፣ ሽጉጡም አብሯት። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ገጠምኩት። ደግሞስ እኔ ማን ሆኜ ነው ጆሊን ፌትስን የማስተምራት?

ጆሊን እጇን ከቀዩ ቁልፍ ላይ አነሳች። ሬዲዮዋን አንስታ፣ ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ዌድ፣ ሳትሮጥ ስማኝ" ስትል ሰማሁ።

ዌድ በጎን በር ወጣ። አልሮጠም። ቀጭን፣ ረዥም ልጅ ነው፤ እጁን ኪሱ ከቶ፣ መንገድ ላይ ለአንዷ ሕፃን ኳሷን በእግሩ መለሰላት። እኔ አጥሩን ጨብጬ "ቶሎ በል፣ ቶሎ በል" እላለሁ በሆዴ። ብሪንሊ ትወዛወዛለች። ካፖርቱ ከብረቱ ምሰሶ ጋር ሲጋጭ "ቀጭ" የሚል ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ዌድ ደረሰና አጠገቧ ተንበረከከ፤ አንዱን እጁን ካፖርቱ ላይ፣ ልክ ኪሱ ላይ ጭኖ ያዘው።

"ብሪንሊ፣ ካፖርት እንቀያየር? ያንቺ ለእኔ ልክ ነው፣ የኔን ደግሞ አንቺ ልበሺ።"

"ደረቱ ላይ ያለው ኮከብም አብሮ ነው?"

"ኮከቡም አብሮ ነው።"

በሌላ እጁ አቅፎ አወረዳት። የፖሊሱን ጃኬት ለብሳ፣ ደረቷን ነፍታ፣ ጓደኞቿን "ሁላችሁም ታስራችኋል!" እያለች ሄደች። ዌድ ካፖርቴን እንደ ተኛ ሕፃን አቅፎ ወደ መኪናው ወሰደው። እኔ እዚያው አጥሩ ሥር፣ በረዶው ላይ ቁጭ አልኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ጉዳዩ ግን አላለቀም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁላችንም ርዕሰ መምህሯ ክፍል ተሰበሰብን፤ ርዕሰ መምህሯ፣ ጆሊን፣ ዌድ፣ እኔ። ማርላን አስጠሯት። የፀጉር መረቧን እንዳደረገች፣ ሽርጧ ላይ የተፈጨ ድንች እንደተለጠፈባት ገባች። መጀመሪያ እኔን አየች።

"ምነው? ቁስልህ ተከፈተ?"

ዌድ ሁሉንም በአጭሩ ነገራት። የብሪንሊን ስም ሲጠራ ማርላ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ማስታወሻውን ገልጦ፣ እኔው ያስተማርኩትን ጥያቄ ጠየቃት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ ማርላ፤ መጠየቅ ግዴታዬ ነው። ካፖርቱን ሲለብሱ ኪሱ ውስጥ ሽጉጥ እንዳለ ያውቁ ነበር?"

ማርላ ወደ እኔ ዞረች። ያንን አስተያየቷን አውቀዋለሁ፤ መስኮቱ የተሰበረ ዕለትም እንዲሁ ነበር ያየችን። "እኔ ነኝ" ልትል ነው። "ነግሮኝ ነበር፣ የረሳሁት እኔ ነኝ" ልትል ነው፤ እኔን ያዳነችኝ መስሏት ራሷን ልታስር ነው! ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

"ማርላ፣ እኔን ብለሽ—"

"እርስዎ ዝም ይበሉ!" አለ ዌድ። ተማሪዬ እንዲህ ተቆጥቶኝ አያውቅም። "አንድ ቃል ቢተነፍሱ አስወጣዎታለሁ። አስጠንቶ ያናግራታል እንዲባል ይፈልጋሉ?"

እውነቱን ነው። ተቀመጥኩ። ምላሴን ነክሼ የደም ጣዕም እስኪመጣ ያዝኩት። በሕይወቴ የሚስቴን አፍ እንደዚያ ፈርቼው አላውቅም።

ማርላ ሽርጧ ላይ ያለውን ድንች በጥፍሯ ፋቀች።

"መክበዱን አውቄ ነበር" አለች። "ስለብሰው ከበደኝ። ግን የእሱ ልብስ ሁሌም ይከብዳል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከወንበር ላይ ከባድ ልብስ እያነሳሁ ሰቅያለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ እጠይቅ ነበር፤ 'አንቺ አትጨነቂ፣ እኔ አውቃለሁ' ይለኛል። ኋላ መጠየቅ ተውኩ። ዛሬም አልጠየቅኩም። ያችን ልጅ ያለበስኳት ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው።"

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ ትከሻዋን ነጠቀችኝ። ተነስታ ያቀፈቻት ጆሊን ናት። የጆሊንን ፊት በማርላ ትከሻ ላይ አየሁት። እንድትሰድበኝ፣ "ያ ሰውዬ!" እንድትለኝ ጠበቅኩ፤ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን የማርላን እንባ በእጅጌዋ ጠረገች።

ዌድ "አላወቁም" ብሎ ጻፈ። አቃቤ ሕጉም ከሁለት ሳምንት በኋላ ማርላን የሚያስከስስ ነገር የለም አለ። እኔንም አልከሰሱኝም፤ የማስተማሪያ ወረቀቴን ግን ራሴ ወስጄ ሸሪፉ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሞኝ ወረቀቱን ለቀቀ ማለት ነው። የመጨረሻዋን ቅዳሜ ግን አዳራሹ ሄጄ፣ ቁመው የሚሰሙም ነበሩ፣ የያን ማክሰኞ ታሪክ ከነስሜ ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። ጆሊንንም ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። በሩን ገርበብ አድርጋ ሰማችኝና "እሺ ደልበርት፣ ብርድ ነው፣ ግባ ወደ ቤትህ" አለችኝ። እሱም ይበዛብኛል።

ሽጉጡ አሁን የብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ማርላ ጋ ነው። ስለዚያ ቀን አታነሳብኝም። ታበስላለች፣ ትቀልዳለች፣ ሲያመኝ ጀርባዬን ታሽልኛለች። ለብሪንሊ ቀይ ካፖርት ገዝታላታለች፤ ለራሷም አንድ አዲስ፣ ሰማያዊ፣ ዚፑ ደህና የሆነ።

ትናንት ሳይነጋ ተነስቼ ከማድ ቤት ሆኜ አየኋት። ሰማያዊውን ካፖርት ከመስቀያው አወረደች። ራሷ ገዝታ ያመጣችው ነው፤ ከእሷ በቀር ማንም ለብሶት አያውቅም። ከመልበሷ በፊት ግን በአንድ እጇ ይዛ መዘነችው። ከዚያ የቀኝ ኪሱን ዳሰሰች፣ የግራውን ዳሰሰች፣ ገልጣ የውስጡንም እስከ ጥጉ ፈተሸች። ቆሜ እንደማያት አውቃለች። ለበሰችውና "ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀህ ብላ" ብላኝ ወጣች።